ቴርሞሜትሩ ያልያዘው ሙቀት፦ የአንዲት ጎንደሬ እንጀራ ጋጋሪ ጉዳይ

ባለጉዳይዋ የ46 ዓመት ሴት ናት። ጎንደር ከተማ፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ተወልዳ ያደገችው ወገራ ነው፤ ከተማ የገባችው በትዳር ነው። ስሟን አልጽፍም። እኔ እሷው ግቢ ተከራይቼ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። እትዬ ነው የምላት፤ እዚህም እንደዚያው ልበላት። ጉዳይዋን ልጻፈው ወይ ስላት «ጻፈው፣ እንደኔ የሚንከራተት ካለ ይጠቀምበት» አለችኝ።

ሕመሙ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ጋቢ መልበስ አቆመች። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቷ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ጎረቤቱ ሁሉ ተሸፋፍኖ ሲያመሽ እትዬ በስስ ቀሚስ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ታራግባለች። «አንች ሴት፣ በዚህ ብርድ ምን ሆነሽ ነው? ኧረ ልበሽ!» ይሏታል። «የምጣዱ እሳት ገብቶብኝ ነው» ትላለች።

ሰው አመናት። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ፊት የምትቆም ሴት ሞቀኝ ብትል ማን ይገረማል? ነገር ግን ከምጣዱ ርቃም ይሞቃት ነበር። እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆማም ያልባታል። ሌሊት ላቧ አንሶላ ያርሳል።

ቀጥሎ ኪሎዋ ወረደ። ምግብ ግን አልቀነሰችም፤ እንዲያውም ከቀድሞው በላይ ትበላለች። በአምስት ወር ገደማ ከ61 ኪሎ ወደ 49 ወረደች። «አማረብሽ፣ ምን አድርገሽ ነው?» የሚሏትም አልጠፉም። ከዱካ ስትነሣ ግን እጇን ጉልበቷ ላይ ደግፋ ነበር። የከሳው ስቡ ብቻ ሳይሆን የጭኗ ጡንቻም ነው።

ሐኪም ቤት የወሰዳት ግን ሙቀቱም ክሳቱም አይደለም። እጇ ነው። ሊጡን ምጣዱ ላይ ስታዞር ይንቀጠቀጣል። እንጀራው ዳር ዳሩ ይሳሳል፣ መሐሉ ይወፍራል። ምግብ ቤቶቹ ማማረር ጀመሩ። አንዱ ደንበኛ ጭራሽ ተዋት። ያኔ ነው «ይሄስ ነገር ጤና አይደለም» ያለችው።

እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ የራሱን ምርመራ ጨርሶ ነበር። ምች ነው ያሉ ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት። ብዙ በልታ መክሳቷን ያዩ ደግሞ ኮሶ ትል ነው ብለው ኮሶ አጠጧት። በዕድሜ ከሷ የሚበልጡት «ዕድሜ ነው፣ የወር አበባ ሊቆም ሲል እንዲህ ያደርጋል» አሉ። በእነዚህ ግምቶች መሳቅ አይገባም። እያንዳንዱ ግምት አንዱን ምልክት በደንብ ያብራራል። ሌሎቹን ግን አይነካም። ኮሶ ትል በብርድ ሌሊት ላብ አያመጣም። ማረጥ ላብ ያመጣል፣ ግን እየበሉ 12 ኪሎ አያስጥልም። ደግሞ ኮሶው ጎድቷታል፤ በደከመ ሰውነቷ ላይ ተቅማጥ ጨምሮባት ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደችም።

ጤና ጣቢያም ሄደች። ክብደት የቀነሰና ሌሊት የሚያልበው ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ትክክልም ነው። አክታዋ ተመረመረ፣ ነጻ ናት ተባለች። ኤች አይ ቪም የለባትም። ስኳሯ ደህና ነው። ወባም የለም። ሙቀቷ ተለካ፦ 37.1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ።

«ትኩሳት የለሽም» አሏት።

«እየነደድኩ ነው እኮ! ዕቃው ተበላሽቶ እንዳይሆን?»

ዕቃው አልተበላሸም። እሷም አልዋሸችም። ጉዳዩን እንድጽፈው ያነሣሣኝ ይሄ ነው፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ቴርሞሜትር የሚያሳየው በዚያች ደቂቃ ሰውነት ውስጥ ያለውን የሙቀት መጠን ነው። ምን ያህል ሙቀት እየተመረተ፣ ምን ያህሉ እየወጣ እንደሆነ አይናገርም። ጎተራ ውስጥ ያለውን እህል ዓይቶ በዓመቱ ስንት ኩንታል ገብቶ ስንት እንደወጣ ማወቅ አይቻልም። እንደዚያ ነው። የገባው ያህል ከወጣ ጎተራው ሁልጊዜ እኩል ይመስላል።

በቁጥር እንየው። ያረፈ ሰው ከ60 እስከ 100 ዋት የሚሆን ሙቀት ያመነጫል። እትዬን የምታህል ሴት ተኝታ ብትውል በቀን ወደ 1,200 ኪሎ ካሎሪ ታቃጥላለች። በኋላ እንደታወቀው የእትዬ ሕመም ታይሮይድ ነው፤ አንገት ላይ ያለ፣ ሆርሞን የሚያመርት እጢ። እጢው ከልኩ በላይ ሲሠራ ይህ በግማሽ ሊጨምር ይችላል። 600 ትርፍ እንበል። አሁን ወደ ላቡ እንሂድ። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ሁሉ ትርፍ ሙቀት በአንድ ሊትር ላብ ብቻ ሊወጣ ይችላል። የቆዳዋ ደም ሥሮችም ሰፍተዋል፤ እጇን ስትጨብጠው ሞቃትና እርጥብ ነው። ሰውነቷ የሚገባውን ያህል እያስወጣ ነው። ለዚህ ነው ቴርሞሜትሩ 37.1 ላይ የቆመው።

ትኩሳት ሌላ ነገር ነው። ትኩሳት ላይ አንጎል ራሱ ልኩን ከፍ ያደርጋል። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል «ከአሁን በኋላ 39 ነው የምንፈልገው» ይላል። ሰውነት 38 ላይ ሆኖም ይበርደዋል። ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ልብስ ይደርባል። የወባ ሕመምተኛ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ የተገላቢጦሽ ናት። ልኩ አልተነካም፤ ምርቱ ነው የበዛው። ስለዚህ ሰውነቷ የመጣውን ሁሉ ወደ ውጭ መጣል ይዟል። በእኔ እምነት «ጋቢ ትደርቢያለሽ ወይስ ትጥያለሽ?» የሚለው ጥያቄ በዚያ ቀን ከቴርሞሜትሩ የበለጠ ይናገር ነበር።

ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካት። ውስጥ ደዌ ያያት ወጣት ሐኪም ብዙ አልጠየቃትም። «እናቴ፣ እስኪ ነጠላዎን ዝቅ ያድርጉልኝ» አላት። አንገቷ ላይ እንቅርት አለ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያለ ነው። ወገራ እናቷም አክስቷም ነበረባቸው፤ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሷም ሕመሟን ስትናገር አንድም ቀን አላነሣችውም። ግቢ ውስጥ ያለነው ሰዎችም ዘወትር እያየነው የማናየው ነገር ሆኗል። «ምራቅዎን ይዋጡ» አላት። እብጠቱ ከፍ ብሎ ዝቅ አለ። ታይሮይድ ስትውጥ ከጉሮሮ ጋር ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሁለት እጇን አስዘርግቶ ወረቀት አስቀመጠባት። ወረቀቱ ተርገፈገፈ። የልብ ምቷ በደቂቃ 118 ነበር፤ ተቀምጣ።

የሆርሞን ምርመራ ታዘዘ። ሆስፒታሉ የመመርመሪያ ኬሚካሉ (ሪኤጀንት) አልቆበት ነበር። ውጭ ላብራቶሪ ሄደች። የተጠየቀችው ዋጋ የሁለት ሳምንት ትርፏን በላ። ደንበኛ በጠፋበት ሰሞን ይህ ሲጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ እሷ ላይ ደግሞ ቃል በቃል። ውጤቱ ቲኤስኤች ከ0.01 በታች፣ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉት የታይሮይድ ሆርሞኖች ከልክ በላይ ከፍ ያሉ ሆነው መጡ።

ቲኤስኤች አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ የሚላክ ትእዛዝ ነው። «ሆርሞን አምርት» ይላል። መደበኛው ዝቅተኛ ልኩ 0.4 አካባቢ ነው። የእትዬ ከዚያ እጅግ ወርዷል። ይህ ማለት አንጎሏ «በቃ፣ አቁም» እያለ ነው። እንቅርቱ ግን አይሰማም። አልትራሳውንድ ሲታይ በሁለቱም ጎን ብዙ እባጮች ተገኙ። የዓይኗ ኳስ ወደ ፊት አልወጣም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዓይን ከሚያስወጣው፣ ግሬቭስ ከሚባለው የታይሮይድ በሽታ ይልቅ ቶክሲክ መልቲኖዱላር ጎይተር ነው ተባለ። ብዙ እባጭ ያለበት፣ ሳይታዘዝ በራሱ ሆርሞን የሚያመርት እንቅርት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ወደ ሚቶኮንድሪያ፣ ምግብ ወደሚቃጠልባቸው የሴል ጥቃቅን ክፍሎች፣ የሚወርደው።

በየሴላችን ውስጥ ያሉት ሚቶኮንድሪያዎች ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖችን ተቀባብለው ለኦክስጅን ያስረክባሉ። በዚህ ጉዞ ከሚገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን ከውስጠኛው ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ፕሮቶኖቹ በአንድ የተለየ ኢንዛይም በኩል ሲመለሱ ኤቲፒ፣ ሴል ለሥራው የሚያወጣው የጉልበት ገንዘብ፣ ይሠራል። ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ1978 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሁሉም ፕሮቶን ግን በኢንዛይሙ በኩል አይመለስም። አንዳንዱ ሽፋኑን ሾልኮ ይገባል። ያኔ ኤቲፒ አይሠራም፤ ጉልበቱ በቀጥታ ሙቀት ይሆናል። አራስ ሕፃን ይህን ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። በትከሻዎቹ መካከልና በአንገቱ አካባቢ ባለው ቡናማ ስብ ውስጥ ዩሲፒ1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ፕሮቶኖቹን በአቋራጭ ያስገባል፤ ሕፃኑ ሳይንቀጠቀጥ ይሞቃል።

የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ ጂኖችን ያነቃል። የሚቶኮንድሪያው ብዛት ይጨምራል። የፕሮቶኖቹ ሾልኮ መግባትም ይጨምራል። ሶዲየምና ፖታሲየም የሚያመላልሱት ፓምፖች ይበዛሉ። ጡንቻ ውስጥ ካልሲየም የሚመልሰው ፓምፕም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ኤቲፒ ይበላሉ። የተበላው ኤቲፒ መጨረሻው ሙቀት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእትዬ ሙቀት በሙሉ ከሚቶኮንድሪያ ውስጥ የወጣ አይደለም። ከፊሉ እዚያው ይወጣል። ቀሪው ኤቲፒው የተበላበት ቦታ ላይ ነው የሚወጣው፤ ልብ ውስጥ፣ ጡንቻ ውስጥ፣ ጉበት ውስጥ።

«አማረብሽ» ይሏት የነበሩትን ሳስብ አንድ ታሪክ ትዝ ይለኛል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ኬሚካል ለማክሻ ይሸጥ ነበር። ሥራው ፕሮቶኖችን በሽፋኑ ማሻገር ነው። ከበላኸው ብዙውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሰዎች ከሱ። አንዳንዶቹ ደግሞ ሰውነታቸው ሊያስወጣ ከሚችለው በላይ ሙቀት አምርተው ሞቱ። በ1938 ታገደ። ዛሬም በኢንተርኔት ገዝተው የሚሞቱ አሉ። ወደ ጉዳያችን።

ሐኪሙ ውጤቱን ካየ በኋላ የእትዬን ነገር «ታይሮይድ ነው» ብሎ ዘጋው፤ ቁጥሮቹ ስለሚናገሩ። ግን እነዚሁ ምልክቶች ያለ ታይሮይድ ሊመጡ ይችላሉ ወይ? አዎ፣ ግን እጅግ አልፎ አልፎ። ስዊድን፣ ስቶክሆልም ውስጥ ሮልፍ ሉፍት የሚባል የሆርሞን ሐኪም አንዲት ሴት መጣችለት። ያልባታል፣ ብዙ ትበላለች፣ ግን ቀጭን ናት። ዕረፍት ላይ ሆና የምታቃጥለው ጉልበት ከጤነኛ ሰው ከእጥፍ በላይ ነበር። ሁሉም ታይሮይድ ጠረጠረ። የታይሮይዷ ሥራ ግን ጤነኛ ነበር። ቀዶ ሕክምናም ተደርጎላት አልዳነችም። በመጨረሻ ከጡንቻዋ ቁራጭ ወስደው ሚቶኮንድሪያዎቹን ለየብቻ መረመሩ። ጤነኛ ሚቶኮንድሪያ ኤቲፒ የማያስፈልግ ከሆነ ቃጠሎውን ይቀንሳል። የሷ አይቀንስም፤ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ያቃጥላል። ሉፍትና ባልደረቦቹ በ1962 አሳተሙት። ከሚቶኮንድሪያ ብልሽት የመጣ ሕመም ተለይቶ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ሳያቸው ይገርመኛል። ላዩ አንድ ነው፤ ላብ፣ ክሳት፣ ረሃብ። አንዷ ጋ ትእዛዙ በዝቷል። አንዷ ጋ ታዛዡ ተበላሽቷል። ለእትዬ የእንቅርቱ መውጣት ይጠቅማታል፤ ለስዊድኗ ሴት አልጠቀማትም። ቲኤስኤች ሳይታይ አንገት መቁረጥ የማይገባውም ለዚህ ነው።

የእትዬ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ስለ እናቱ ሕመም ስልኩ ላይ ሲያነብ አምሽቶ አንድ ማለዳ በሬን አንኳኳ። «ቲቸር፣ ሚቶኮንድሪያ 50 ዲግሪ ነው ይላል። እማ ጋ 55፣ 60 ገብቶ ይሆን?»

ጥያቄው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በ2018 ፒየር ሩስታን ያለበት የፈረንሳይ ቡድን ፕሎስ ባዮሎጂ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳተመ። የሰው ሴሎችን 38 ዲግሪ ላይ አስቀመጡ። ወደ ሚቶኮንድሪያ የሚገባና ሙቀት ሲጨምር ብርሃኑ የሚደበዝዝ ቀለም ጨመሩ። ሚቶኮንድሪያው ሲሠራ ብርሃኑ ደበዘዘ። ኤሌክትሮን የሚቀባበለውን ሰንሰለት በመርዝ ሲያስቆሙት ብርሃኑ ተመለሰ። ስሌታቸው ሚቶኮንድሪያው ከዙሪያው ከ10 ዲግሪ በላይ እንደሚሞቅ፣ ወደ 50 እንደሚጠጋ አሳየ። አንዳንዶቹ ኢንዛይሞችም ለየብቻ ሲለኩ 50 አካባቢ ፈጣን ሆነው ተገኙ።

የፊዚክስ ሰዎች ግን ቀድሞውኑ ይህን ዓይነቱን ልኬት ይጠራጠሩ ነበር። ጊዮም ባፉና ባልደረቦቹ በ2014 ኔቸር ሜተድስ በሚባለው መጽሔት ላይ የጻፉት ቀላል ስሌት አለ። አንድ ሴል የሚያመነጨው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። ዙሪያው ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ ሙቀት ያሳልፋል። ስለዚህ ሴሉ ከዙሪያው ሊበልጥ የሚችለው በዲግሪ መቶ ሺህኛ ገደማ ነው። ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ወርዷ አንድ ማይክሮሜትር ያህል ናት። ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሙቀት በጥቂት የሰከንድ ሚሊዮንኛ ይበተናል። 10 ዲግሪ ልዩነት ለማቆየት ሚቶኮንድሪያዋ ከምታመነጨው ከመቶ ሺህ እጥፍ በላይ ማመንጨት ይኖርባታል። ያን ያህል ምግብ ማን ያቀርብላታል?

እኔ ሚዛኔ ወደ ፊዚክሱ ያዘነብላል። ቀለሙ ብርሃኑን የሚቀይረው በሙቀት ብቻ አይደለም። የሽፋኑ ኤሌክትሪክ፣ አሲድነቱ፣ የአካባቢው መወፈርና መቅጠን ሊነካው ይችላል። ሚቶኮንድሪያ መሥራት ሲጀምር ሲያቆም ደግሞ እነዚህ ሁሉ አብረው ይለዋወጣሉ። የኢንዛይሞቹ 50 ዲግሪም ብዙ አያስደንቀኝም፤ ብዙ የሰው ኢንዛይሞች ለአጭር ጊዜ ከተለኩ ከ37 በላይ ይፈጥናሉ። ሆኖም ሙግቱ አልተዘጋም። ሽፋኑ ናኖሜትሮች ላይ ሙቀት እንዴት እንደሚያሳልፍ አሁንም ይመረመራል። ተመራማሪዎቹም ቀለሙን በሌላ መሣሪያ እያረጋገጡ ነው።

ለልጁ የነገርኩት ይህን ነው። ክርክሩ በማንም ቢረታ የእናትህን ሕመም አይቀይረውም። እናትህ ጋ የበዛው የሚያልፈው ሙቀት ነው። ዲግሪው አይደለም። ጤና ጣቢያው 37.1 አንብቦ «ደህና ነሽ» አለ። አንተ 50 አንብበህ «ተቃጠለች» አልክ። ሁለታችሁም ዲግሪ ይዛችሁ ስለ ምርቱ ልታውቁ ፈለጋችሁ። «ታዲያ ምርቱ በምን ይለካል?» አለኝ። በኦክስጅን። ሰውየው የተነፈሰው ኦክስጅን ተለክቶ ነው የሚታወቀው። አዶልፍ ማግኑስ-ሌቪ በ1895 ታይሮይድ ቃጠሎን እንደሚጨምር ያሳየው በዚህ መንገድ ነው። ዛሬ ግን የደም ምርመራው ስለሚቀል ታይሮይድን ለማወቅ እንዲያ አይለካም።

ሌላው ጥያቄ ለምን አሁን የሚለው ነው። እንቅርቱ ዕድሜ ልኳን ነበር። የወገራና የአካባቢው ደጋ አፈር አዮዲኑን ዝናብ አጥቦታል። አዮዲን የጎደለው ታይሮይድ ለማካካስ ያብጣል። በዓመታት ብዛት ከእብጠቱ ውስጥ አንዳንዱ እባጭ ራሱን ችሎ ይወጣል፤ ትእዛዝ አይሰማም። ጥሬ ዕቃው፣ አዮዲኑ፣ እስኪመጣ ግን ብዙ አያመርትም። ኢትዮጵያ ውስጥ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ደንብ ተደነገገ። በ1960ዎቹ ታዝማኒያ ዳቦ ውስጥ አዮዲን ሲጨመር የድሮ እንቅርት ያለባቸው አዛውንቶች ላይ እንዲህ ያለ ሕመም ጨምሮ ታይቷል። የእትዬ በዚህ መጣ ብሎ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ራሱን የቻለ እባጭ ያለ ምንም ምክንያት በዕድሜም ሊነሣ ይችላል። ይህን ሰምቶ ግን ማንም ወደ ጥሬ ጨው እንዳይመለስ። አዮዲን የጎደላት እርጉዝ የምትወልደው ሕፃን የአእምሮ ዕድገቱ ይጎዳል፤ ያ አይታከምም። የእትዬ ይታከማል።

ሕክምናው በሁለት ኪኒን ተጀመረ። ፕሮፕራኖሎል ልቧንና እጇን ለማረጋጋት፣ ፒቲዩ ሆርሞኑን ለመቀነስ። እጇ በሳምንት ውስጥ ረጋ። ሙቀቱ ግን አልለቀቃትም። በሁለተኛው ሳምንት «ኪኒኑ አልሠራም» ብላ ልትተወው ነበር። ፒቲዩ አዲስ ሆርሞን እንዳይሠራ ነው የሚከለክለው። ተሠርቶ እንቅርቱ ውስጥ የተከማቸው ለሳምንታት መውጣቱን አያቆምም። ደም ውስጥ ያለው ቲ4 ደግሞ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ዘመድ ጸበል ሊወስዷት ሲሉ ሐኪሙ «ጸበሉንም ይጠመቁ፣ ኪኒኑንም አያቋርጡ» አላት። ብልህ ሰው ነው። ምርጫ ቢሰጣት የቱን እንደምትጥል ያውቃል። ጉሮሮዋን ካመማትና ትኩሳት ከያዛት ግን ኪኒኑን አቁማ በዚያው ቀን እንድትመጣ አስጠነቀቃት። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያጠፋል።

ሁለት ወር ሲሞላ ላቡ ቀነሰ። ኪሎዋ 53 ደረሰ። ራሱን የቻለ እባጭ ግን በኪኒን አይድንም፤ ኪኒኑ ሲቆም ይመለሳል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ተመረጠ። ቀጠሮው ቁጥሮቹ እስኪስተካከሉ ተራዘመ። ቤተሰቡ «ለምን ያቆዩናል?» ብሎ ተማረረ። ማቆየቱ ልክ ነበር። ሆርሞኑ እንደበዛ ቢላ ቢነካው ድንገት ሊፈስ ይችላል። ያኔ ሰውነት ማስወጣት ከሚችለው በላይ ያመርታል። ቴርሞሜትሩም ያን ጊዜ ይነሣል፤ ከ40 በላይ። ሐኪሞች የታይሮይድ ማዕበል ይሉታል፤ ሊገድል ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሆነ። ድምጿ ለጥቂት ሳምንት ሻከረ፤ ወደ ድምፅ አውታር የሚሄደው ነርቭ ከታይሮይዱ ጀርባ ስለሚያልፍ ይህ ያጋጥማል። ጣቷንም ውርር አደረጋት፤ ካልሲየሟ ወርዶ ነበርና ካልሲየም ተሰጣት። ሁለቱም ለቀቁ።

ከዚያ መብረድ ጀመራት። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ምጣዱ አጠገብ ተጠግታ ትቀመጣለች። ፊቷ አበጥ አበጥ አለ፣ ከአልጋ መነሣት ከበዳት። ታይሮይዱ አብዛኛው ስለወጣ ሆርሞኑ ጎድሎ ነው። የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ ኪኒን፣ ሊቮታይሮክሲን፣ ታዘዘላት፤ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። በባዶ ሆድ በውሃ ይወሰዳል፤ ቡና ኪኒኑ ከተወሰደ በኋላ ለአንድ ሰዓት ገደማ መዘግየት አለበት፣ ቡና መድኃኒቱን ስለሚያስቀርባት። እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው። ዐቢይ ጾም ገባ። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፏ አይዞርም። ኪኒኑን ለሦስት ሳምንት ያህል ለማንም ሳትነግር ተወችው። ቲኤስኤች ሲለካ ሽቅብ ወጥቶ ተገኘ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። «ማታ ምንድን ነው የሚበሉት፣ ስንት ሰዓት?» ብሎ ጠየቃት። አንድ ሰዓት ላይ ትበላለች፣ አራት ሰዓት ትተኛለች። እንግዲያው ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ፣ ልትተኛ ስትል ይውሰዱት አላት። ይህ በሕክምናው ተቀባይነት ያለው መንገድ ነው። ገና የምትወስደውን የካልሲየም ኪኒንም ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጾም ወደምትፈታበት፣ አዛወረላት፤ እሱም በአራት ሰዓት ያህል ካልተራራቀ ሊቮታይሮክሲኑን ያስቀርባል። ልጇ ስልኩ ላይ ደወል ሞላላት። መጠኑ ከተቀየረ በኋላ ቲኤስኤች የሚለካው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢለካ ገንዘብ ማባከን ነው። አሁን የምትወስደው በቀን 100 ማይክሮግራም ነው። ቀጣዩ ምርመራ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው።